የሙቁ መደርደሪያ ጡረተኞች

አሁን የማወራላችሁ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ብዋሽ የያዝኩት መፍቻ ሁሉ ይዛግ፣ የጠገንኩት ማቀዝቀዣ ሁሉ ተመልሶ ይሙቅ። በመሐላ የምጀምረው በሰፈራችን ስሜ በወሬ ስለጠፋ ነው፤ እኔ አንድ ነገር ስናገር ሰው ግማሹን ቀንሶ የቀረውንም ጨምቆ ነው የሚሰማኝ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ከሒሳብ ጋር ተጣልቼ አቆምኩ፤ እስካሁን የሚያስታርቀን ሽማግሌ አልተገኘም። ታላቅ እህቴ ግን የተጣላችው መጽሐፍ የለም። ስለዚህ ስለ እሷ ሳወራ አልጨምርም፤ መጨመር ካማረኝ ስለራሴ እጨምራለሁ።

ያ ቀን የጀመረው በጎረቤት ጉልበት ነው። አራተኛ ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ ገና ሻያችንን ጠጥተን ሳንጨርስ አንኳኩታ ገባችና ወንበር ስባ እግሯን ዘረጋች። "ዶክተር፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዘኝ አደረ" አለች። እህቴ በእርግጥ ዶክተር ናት፤ ዶክተርነቷ ግን የጉልበት አይደለም። የእሷ ሥራ የሰውነት የራሱ መከላከያ ካንሰርን ለይቶ እንዲያባርር ማስተማር ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ያከመቻቸው በሽተኞች በሙሉ ደግሞ ጅራት ነበራቸው። ይህን በቤታችን ማንሳት ክልክል ነው። እናታችን ድሮ አንድ ቀን የክት ልብሷን ለብሳ የልጇን የሥራ ቦታ ልታይ ሄዳ ነበር። ነጭ አልጋ፣ የተሰለፈ በሽተኛ፣ ልጇን "ያድኑኝ" የሚል ሰው ነበር የጠበቀችው። ያሳየቻት ግን ሳጥን ውስጥ የሚርመሰመሱ አይጦች ነበሩ። ከዚያ ስትመለስ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ለጎረቤት "ልጄ የካንሰር ሐኪም ናት" ማለቷን አላቆመችም፤ በቤት ውስጥ "አይጥ" የሚል ቃል ከተነሳ ግን ማንኪያዋን ታስቀምጥና ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ያ መስኮት የሚያሳየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ብቻ ነው። ከልጅዋ ሥራ ይልቅ ግድግዳ ማየት ከመረጠች ቆየች።

እህቴ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ዳበስ ዳበስ አደረገችው። ለጥቂት ቀን ደረጃ እንዳታበዛ፣ ካልተሻላት ወደ አጥንት ሐኪም እንድትሄድ መከረቻት። ልብስ ሰፊዋ ምርቃቷን አዥጎድጉዳ ወጣች፤ እናቴ በኩራት ሻይ ደገመች። የዚያን ዕለት ከቀትር በፊት እህቴ ኮሚቴ ፊት ልትቀርብ ነበር። ክፍሏ ይዘጋ ወይስ ይቀጥል የሚባልበት ቀን ነው፤ ከተዘጋ ፀጉሯ የሸበተበት ሥራ እዚያው ያበቃል። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴ "ዛሬ ምነው አማረብሽ?" ስትላት "ስብሰባ አለ" አለች። የሐኪሞች እንደሆነ ጠየቀቻት፤ የሐኪሞች ነው አለች። ከዚያ በኋላ በጠረጴዛው ላይ የተሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው። ሁለቱ እንዲህ ዝም ሲባባሉ እኔ ሁልጊዜ ቀልድ እጨምራለሁ፤ ያን ዕለት ግን የመጣልኝ ቀልድ ሁሉ ጅራት ስለነበረው ዋጥኩት።

በሞተር ብስክሌቴ አፈናጥጬ ወሰድኳት። ለሥራዋ ቦታ እኔም እንግዳ አይደለሁም፤ የምርምር ማዕከሉን ማቀዝቀዣዎች የምጠግነው እኔ ነኝ። እዚያ ያሉት ማቀዝቀዣዎች የቤት እንዳይመስሏችሁ። ከቅዝቃዜያቸው የተነሳ አንድ ጊዜ በሩን ከፍቼ አነጠስኩና ዘጋሁት፤ በማግስቱ ስከፍተው ማንጠሴ ተሰማኝ። መንገድ ላይ ጀርባዬ ላይ ተለጥፋ ስለ ኮሚቴው አንድም ነገር አላለችም። እሷ ዝም ስትል እኔ ሥራዋን በልቤ እደግመዋለሁ፤ አንዴ በሚገባኝ ቋንቋ አስረድታኛለችና። ካንሰር ማለት ከውጭ የመጣ ሌባ አይደለም፤ የገዛ ሕንፃችን ተከራይ ነው። ቁልፍ አለው፤ ዘበኛውን በስሙ እየጠራ እንደምን አደርክ ይለዋል። ውሎ አድሮ ግን ደረጃው ላይ ግድግዳ ያቆማል፣ መተላለፊያውን ሳሎኑ ያደርገዋል፣ የጎረቤቱን ውሃ ወደራሱ ይስባል። ዘበኛው እያየው ያልፋል፤ የሚያውቀው ሰው ነዋ። የቀድሞዎቹ መድኃኒቶች ተከራዩን ለማስወጣት ሕንፃውን በሙሉ ነበር የሚያጥኑት። እህቴ የዘበኛውን ትከሻ ነካ አድርጋ "እስቲ ይህንን ሰውዬ ደግመህ እየው" ነው የምትለው። ዘበኛው ደግሞ ያያል፤ እውነትም አንገቱን ይዞ ያስወጣዋል። አይጦቹ ይድናሉ። የኮሚቴው ክስ ታዲያ አንድ ነበር፤ ዘበኛው ይነቃል፣ ግን መልሶ ያንቀላፋል፣ መድኃኒትሽ አይዘልቅም የሚል። ይዝለቅ አይዝለቅ ለማወቅ የዳኑትን አይጦች አቆይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ የማዕከሉ ደንብ ደግሞ ሙከራ ሲያልቅ አይጦቹም እንዲያልቁ ያዛል። ቦታ ይይዛሉ፣ ይበላሉ፣ አንዷ አይጥ ከእኔ ጃኬት ትበልጣለች በዋጋ። አይዘልቅም ብሎ የሚከሳትም፣ ይዘልቅ እንደሆነ እንዳታይ የሚከለክላትም ያው አንድ ሰው ነበር።

ሰውየው ኃላፊው ነው። እኔ "አቶ በአጭሩ" የሚል ስም አውጥቼለታለሁ፤ "በአጭሩ" ብሎ ከጀመረ የቀረበለት ሻይ ይቀዘቅዛልና። ያን ጠዋት ከመተላለፊያው ትልቅ ማቀዝቀዣ ኋላ ተጋድሜ ሞተሩን ስፈታ ድምፁን ሰማሁት፤ ከሒሳብ ሹሙ ጋር ነው የቆመው። በአጭሩ፣ አለ፣ ስብሰባው ለወጉ ነው፤ ክፍሏን ለአዲሱ ማሽን እንደሚፈልገው፣ ሠራተኞች ነገ መጥተው በሩን እንደሚለኩ፣ ለእሷም ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ አንድ ጠረጴዛ እንደሚበቃት አወራ። ሒሳብ ሹሙ፣ ከሌላ ከተማ የምትመጣው እንግዳ ፕሮፌሰር ካልተስማማችስ ብሎ ጠየቀ። አቶ በአጭሩ፣ ሴትዮዋ አርጅታለች፣ ካራሜላ እየመጠጠች ታንቀላፋለች አለ። መሬት ላይ ሆኜ የሚታየኝ ጫማቸው ብቻ ነበር። የአቶ በአጭሩ ጫማ አንዱ ክር ተፈቷል፤ ክሩን ከሌላው ጫማ ጋር ላስረው እጄን በላኝ፤ ግን እህቴን አስቤ ተውኩት።

እቃዬን ሰብስቤ ወደ አይጦቹ ክፍል ወረድኩ። እዚያ ሲገባ ጫማ ላይ የጨርቅ ሽፋን፣ ራስ ላይ ቆብ ይደረጋል፤ እኔ ቆብ ሳደርግ ነርስ መስለሃል ብሎ የሚስቅብኝ ጋሽ ዝግታ ያን ዕለት ግን ቀና ብሎም አላየኝ። ጋሽ ዝግታ ጡረታ ሊወጣ የደረሰ ባለሙያ ነው፤ አይጦቹን የሚወጋውና እብጠታቸውን የሚለካው እሱ ነው። እህቴ ከአየር ማውጫው ርቆ ስለሚሞቅ ሙቁ መደርደሪያ የምንለው ፊት ቆማለች፤ መለኪያው በእጇ ነው፤ ፊቷ እንደ ቀሚሷ ነጭ ሆኗል። ነገሩ እንዲህ ነው። ከሳምንታት በፊት ሁለት ቡድን ወጣት አይጦች በአንድ ቀን፣ ከአንድ ቱቦ፣ የካንሰር ህዋስ ተወግተው ነበር። አንደኛው ቡድን ኋላ መድኃኒቷን ሊወስድ ነው፤ ሙቁ መደርደሪያ ላይ ያለው ሁለተኛው ግን ምንም ሳያገኝ እብጠቱ እንዲያድግበት ነው የተተወው፤ ማነጻጸሪያ ነውና። ጠዋት ሲለካ የመጀመሪያዎቹ ባቄላ ባቄላ የሚያክል እብጠት አብቅለዋል። የሙቁ መደርደሪያ አይጦች ቆዳ ግን እንደ ሕፃን ጉንጭ ልስልስ ነው። ምንም የለም። ማብቀል የነበረበት ካላበቀለ ሙከራው በሙሉ ወሬ ሆነ ማለት ነው፤ ያውም ኮሚቴው በሚሰበሰብበት ቀን።

እህቴ አንዷን አይጥ አንስታ መዳፏ ላይ አስቀመጠቻት። ከዚያ ወደ መብራቱ አስጠጋቻት። አይጧ ወፍራም ናት፣ ጀርባዋ ላይ ፀጉሯ ሳስቷል፤ ግራ ጆሮዋ ላይ የድሮ ሙከራ ምልክት የሆነ ቀዳዳ አላት። "እነዚህ እኮ ወጣቶቹ አይደሉም" አለች፤ "ጡረተኞቹ ናቸው።"

ስለ ጡረተኞቹ የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነን። ከዓመት በላይ ሆኖታል፤ መድኃኒቷ ካንሰር ያዳናቸው የመጀመሪያዎቹ አይጦች ናቸው። ሙከራው ሲያልቅ አቶ በአጭሩ እንዲወገዱ አዘዘ፤ እሷ ግን ከክፍሉ ጥግ፣ ባዶ ሳጥኖች ኋላ ደበቀቻቸው። ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ ትልቁን፣ እምብዛም የማይንቀሳቀሰውን፣ "አቶ በአጭሩ" አልኩት። ያ ጥግ የቀዝቃዛ አየር ማውጫው ትይዩ ነው፤ እሱን ለመጠገን መለዋወጫ ካዘዝኩ ቆይቷል፤ አልመጣም። ሽማግሌዎቹ ሲንቀጠቀጡ ብታይ አንጀቷ አልችል አለና ወጣቶቹ ሊወጉ በዋዜማው ምሽት ከነሳጥናቸው ወደ ሙቁ መደርደሪያ አዛወረቻቸው፤ እዚያ የነበሩትን ወጣቶች ደግሞ ወደ ጥጉ። ለጋሽ ዝግታ ጠዋት እነግረዋለሁ ብላ ሳትነግረው ቀረች፤ በኮሚቴው ጭንቀት እሷም ራሷ ረሳችው። ጋሽ ዝግታ ደግሞ በዚህ ሙያ የቆዩ ሰዎች ሁሉ እንደሚያደርጉት የሳጥኑን ካርድ አያነብም፤ በመደርደሪያው ቦታ ነው የሚሠራው። ሙቁ መደርደሪያ ላይ ያገኘውን ወጋ።

ጋሽ ዝግታ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። "ልጄ፣ ህዋሶቹ ሞተዋል በያቸው" አለ። "ሌላ ወር ስጡኝ በይ። እኔም አረጋግጣለሁ።"

"አልሞቱማ ጋሼ። ከዚያው ቱቦ የተወጉት ይኸው አብቅለዋል።"

"ታዲያ ምን ልትዪ ነው? ይወገዱ የተባሉትን ደበቅኋቸው ልትዪ ነው? ዛሬውኑ ነው የሚያባርሩሽ።"

እኔ ከማቀዝቀዣው ኋላ የሰማሁትን ነገርኳት፤ የማሽኑን፣ የጠረጴዛውን፣ የካራሜላውን። ይገርማችኋል፣ ስትሰማኝ ፊቷ ቀለሙ ተመለሰ። አይጧን እያሻሸች ለብቻዋ ታወራ ጀመር። እነዚህ ከዓመት በፊት ታክመው ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ምንም አልወሰዱም፣ አርጅተዋል፣ አሁን እንደገና ካንሰር ተወጉ፣ አልያዛቸውም። ሁለት ሦስቴ ደገመችው። ከዚያ እኔን አየችኝና "ዘበኛው አልተኛም" አለች፤ ቀስ ብላ፣ አጠገቧ የተኛ ሰው እንዳይነቃ የምታወራ ይመስል።

የስብሰባው አዳራሽ አየር ማቀዝቀዣ በዚያ ቀን ተበላሸ። እንዴት ተበላሸ ብላችሁ አትጠይቁኝ። እኔ መሰላል ላይ ወጥቼ ራሴን ጣሪያው ውስጥ ከትቼ ነበር፤ ሰዎች ከወገብ በላይ የሌለውን ሰው ሰው ብለው አይቆጥሩም። አቶ በአጭሩ ረጅሙን ንግግር ጀመረ። ለሳይንስ ያለውን ፍቅር ተናገረ፣ የቦታ ጥበትን ተናገረ፣ መድኃኒቱ አለመዝለቁ እንዳሳዘነው ተናገረ። እንግዳዋ ፕሮፌሰር እውነትም ካራሜላ ትመጥጣለች፣ ዓይኗም ተጨፍኗል። እህቴ ተራዋ ሲደርስ ያዘጋጀችውን ወረቀት አጥፋ ወደ ጎን አደረገችው። ስሕተት ልናዘዝ ነው ብላ ጀመረች። የተደበቁትን አይጦች፣ ብርዱን፣ መደርደሪያውን፣ የተምታታውን መርፌ፣ አንድ በአንድ ተረከች። የጋሽ ዝግታን ስም አላነሳችም፤ ያዛወርኩት እኔ፣ ያልተናገርኩት እኔ አለች። ያበቀሉትንና ያላበቀሉትንም ለየች። አቶ በአጭሩ ዕድሜውን ሁሉ ሲጠብቀው የነበረ ስጦታ እንደተሰጠው ሰው ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። ግልጽ ትእዛዝ ጥሰዋል፣ በማዕከሉ ንብረት ላይ እንዲህ ያለ ቀልድ፣ በአጭሩ የሚቀጥል ነገር የለም፣ አለ። አንድ ጊዜ በሕይወቱ አጭር ተናገረ።

ያኔ የካራሜላው ድምፅ ቆመ። ፕሮፌሰሯ ዓይኗን ገለጠች፤ ለካ የሚሰማ ሰው ነው የሚጨፍነው። "ከዚያው ቱቦ ነው ያልሽኝ?" አለቻት።

"ከዚያው ቱቦ፣ በዚያው ቀን።"

"በመሐል ምንም አልሰጠሻቸውም?"

"እህልና ውሃ ብቻ። መኖራቸውን እንኳ ማንም አያውቅም ነበር።"

ሴትዮዋ ምርኩዟን አንስታ ተነሳች። አቶ በአጭሩ ገና አጀንዳ አለን ቢል፣ አጀንዳው እታች ነው ያለው ብላው ወጣች። ኮሚቴው ተከትሎ ደረጃውን ወረደ፤ እኔም መሰላሌን ተሸክሜ፤ ማንም መሰላል የያዘን ሰው ወዴት ነህ አይልም። እነዚያ ሁሉ ትላልቅ ሰዎች የጨርቅ ጫማና ቆብ አድርገው ጠባቡ ክፍል ውስጥ ተፋፍገው ቆሙ። ጋሽ ዝግታ ትልቁን አይጥ አወጣ። ፕሮፌሰሯ ስም አለው ወይ ብላ ጠየቀች። ጋሽ ዝግታ መዋሸት አያውቅም፤ "አቶ በአጭሩ ነው የምንለው" አለ። ሒሳብ ሹሙ የሳለ መሰለ፤ ሳል ግን አልነበረም። ኃላፊው ስሙ የማን እንደሆነ ስላልገባው ብቻውን ሳይስቅ ቀረ።

ፕሮፌሰሯ ጓንቷን አድርጋ አይጡን ጎኑን፣ ብብቱን፣ ሆዱን በሁለት ጣቷ ቀስ እያለች ዳሰሰችው። ከዚያ ሁለተኛውን፤ ከዚያ ሁሉንም። ከዚያ ያበቀሉትን ወጣቶች አስመጥታ ዳሰሰች። እህቴ እያንዳንዱን አይጥ በከንፈሯ ትቆጥራለች።

"መድኃኒቱ ይዘልቃል ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ዕድሜ ልኬን 'ቆይተን እናያለን' ነው ያልኩት" አለች ፕሮፌሰሯ፣ ጓንቷን እያወለቀች። "ቆይቼ አላየሁም። ጊዜም ቦታም የለም አሉኝ፣ እሺ አልኩ። አንቺ ቆየሽ።"

እህቴ አይጥ ሰው እንዳልሆነ፣ አንድ ጊዜ በስሕተት የታየ ነገርም ማረጋገጫ እንደማይባል ተናገረች። እዚህ ላይ ከመሰላሌ ጋር ሆኜ አፏን ልይዛት ምንም አልቀረኝ። ፕሮፌሰሯ ግን ፈገግ አለች። "እሱን ባትዪኝ ነበር የምጠረጥርሽ" አለች። "በስሕተት የሠራሽውን አሁን ደግሞ አስበሽበት ሥሪው።"

እዚያው ቆመው ተወሰነ። ክፍሏ እንደማይዘጋ፣ ያዳናቸው መድኃኒቱ እንጂ እርጅናው አለመሆኑ እንዲለይ ያልታከሙ ሽማግሌ አይጦች ጭምር ተገዝተው ሙከራው እንደሚደገም፣ ከተደገመም ፕሮፌሰሯ ራሷ ፈርማ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ሰው እንደምታሻግረው። አቶ በአጭሩ ማንንም ሳያስቀድም እህቴን ጨበጠና፣ ከመጀመሪያውም ትዕግሥት ያሸንፋል ሲል እንደነበር አስታወሳት። ማሽኑ ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ተቀመጠ። ጡረተኞቹም ሙቁ መደርደሪያ ላይ በደንቡ ጸድቀው ተመዘገቡ፤ በዚያ መሥሪያ ቤት ሳይሰለፍ ጡረታው የተከበረለት ከእነሱ በቀር እስካሁን አላየሁም። ሰው ሁሉ ሲወጣ ጋሽ ዝግታ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። እህቴ አላለቀሰችም፤ አየር ማውጫውን አየችና "እስቲ አሁን እንኳን ሥራው" አለችኝ። መለዋወጫውም በማግስቱ መጣ።

ማታ ራት ላይ ዝም ማለት አቃተኝ። እናቴ ሾርባውን ስታወጣ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ "አይጥ" የሚለውን ቃል ሳልቆጥብ። እናቴ ጨርሳ ሰማችኝ። ከዚያ ጭልፋዋን እንደያዘች ብድግ ብላ በሩን በረገደችና ወደ ደረጃው ወጣች። "ሰዎች!" አለች፤ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ በር ሁሉ ተከፈተ። "ልጄ የአይጥ ሐኪም ናት! ከአይጦቿ አንዱ እንኳ ከእናንተ ሰነፍ ባሎች ይበልጣል! ነገ ደግሞ የእናንተን ልጆች ታድናለች!" ልብስ ሰፊዋ ከአራተኛ ፎቅ በደህናው ጉልበቷ እየዘለለች እልል አለች፤ ሕንፃው ሁሉ ተቀበላት፤ እህቴ በሩ ላይ ቆማ እንደ ሙሽራ አፈረች።

በመሐላ ስለጀመርኩ በመሐላ ልጨርስ። ከነገርኳችሁ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ከኪሴ ነው። ማንጠሴ አይደለም፤ እሱ እውነት ነው። የፈጠርኩት የእናቴን ንግግር ነው። በሩም አልተከፈተ፣ እልልታም አልነበረ። እናቴ "አይጥ" የሚለውን ስትሰማ እንደ ልማዷ ማንኪያዋን አስቀመጠችና ወደ መስኮቱ ዞረች። ከዚያ ፊቷን ሳትመልስ፣ ለግድግዳው የምትናገር ይመስል፣ "እንዲያ ካረጁ ጥርስ አላቸው?" አለች። እህቴ "አላቸው እማ" አለች። ሾርባችንን ጠጣን። ጠዋት ግን ከእህቴ ቦርሳ አጠገብ በንጹሕ ጨርቅ የተቋጠረ ዳቦ አገኘን፤ ቅርፊቱ ተልጦ ለስላሳው ብቻ ነው የተቋጠረው። ከውጭ የመጣ ምግብ ለእነዚያ አይጦች እንደማይሰጥ እህቴ ከማንም በላይ ታውቃለች። ለእናቴ ግን አመስግና ያዘችው። መንገዱን ሙሉ ሞተሩ ላይ ጀርባዬን ተደግፋ ቁራሽ ቁራሽ እያደረገች ራሷ በላችው፤ ፍርፋሪው አንገቴ ውስጥ እየገባ እየኮረኮረኝ፣ ሁለታችንም ስንስቅ ደረስን።